አውድማ መሃል የቆመችው ላም

ላሚቱን የበደላት ኮርማው ነው። ማን ማንን በደለ እያላችሁ እስከ መጨረሻው እንዳትቁነጠነጡ አስቀድሜ ነገርኳችሁ። በደሉም ቀላል አይደለም። ያሳደገችው እሷ፣ አውድማ ያስለመደችው እሷ፤ እሱ ግን በሥራ ባልደረቦቿ ፊት «ሰነፍ» ብሎ ሰደባት። ያን ዕለት አልመለሰችለትም። የመለሰችለት ኋላ ነው፤ ምን እንዳለችውም ኋላ ትሰማላችሁ።

ተረት ተረት ብዬ «የላም በረት» እስክትሉኝም አልጠብቅም። የዛሬዋ ላም በረት ውስጥ የለችም፤ ጤፍ ላይ ናት። ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል። ጆሮ እያለው የማይሰማ ደግሞ ይበልጥ ጠጋ ይበል፣ ተረቱ የእሱ ነው።

ድሮ ድሮ፣ ከብት ከሰው፣ ዕቃ ከከብት፣ ነፋስ ከሁሉም ጋር በሚነጋገርበት ዘመን፣ አያ ፈንቴ የሚባል ገበሬ ነበር። ከቤቱ ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በማያጣው አፋፍ ላይ፣ ወለሉ በእበት የተለቀለቀ አውድማ ነበረው። ጤፉ ታጭዶ ተከምሮ ሲደርቅ እዚያ ላይ ይበተናል። ከብቶቹ አንገት ለአንገት በአንድ ገመድ ይታሰሩና እየዞሩ ይረግጡታል። ፍሬው ከገለባው የሚላቀቀው በእነሱ ኮቴ ነው።

አሁን ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ። በአንድ ገመድ ታስሮ የሚዞር ሁሉ እኩል አይሄድም። ዳር ያለው ይሮጣል፤ ክቡ ሰፊ ነዋ። መሃል ያለው ግን እዚያው በዚያው ነው። እግሩን ያነሣል፣ እዚያው ይጥላል፣ ቀስ ብሎ ይዞራል። ከሩቅ ለሚያየው የቆመ ይመስላል።

መሃል የምትታሰረው ላም ዛጎሌ ነበረች። ዕድሜዋ የገፋ፣ ቡኒና ነጭ ዝንጉርጉር፣ አንድ ቀንዷ ወደ ታች የጎበጠ። ከእሷ ቀጥሎ በሬው ወይኖ፤ ሆዱ የሚቀድመው፣ ልቡ ግን ደግ። ከወይኖ ቀጥሎ አህያው ዳልቾ፤ ምላሱ ከእግሩ የሚፈጥን። ከዳልቾ ቀጥሎ ጊደሯ እምቡጥ፤ አውድማ ስትወጣ ዘንድሮ የመጀመሪያዋ። ዳር ላይ ኮርማው ጎራው፤ ጎረምሳ፣ ጉልበቱ የማያልቅ።

ዛጎሌ መሃል ሆና ምን ትሠራ ነበር? ትሰማ ነበር። የእምቡጥ ትንፋሽ ሲያጥር ትሰማና እርምጃዋን ታለዝባለች። እሷ ስታለዝብ ገመዱ ይላላል፣ ገመዱ ሲላላ ሁሉም ይተነፍሳል። የወይኖ ሆድ ሲጮህ ትሰማና «ወይኖዬ፣ ጎንበስ በልና አንድ ጉርሻ» ትለዋለች። ዳልቾ ዝም ያለ ቀን ደግሞ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ብላ ትደነግጣለች። በዚህ የተነሣ ጅራፉ ምሰሶ ላይ እንደተሰቀለ ሸረሪት አድርቶበት ቀርቶ ነበር።

ጎራውን ያጠባችውም እሷ ናት። እናቱ ገደል ገብታ ስትሞት፣ ከራሷ ጥጃ ጎን አስጠግታ ጡቷን ሰጠችው። እሱም «እማማ ዛጎሌ» ይላት ነበር። ቃጭሉ እስኪመጣ ድረስ።

ቃጭሉ እንዲህ መጣ። አያ ፈንቴ ሩቅ አገር ለቅሶ ሊሄድ ሆነ። ጤፉ ገና አልተወቃም፣ የገና በዓልም እየደረሰ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመሪ ቃጭል አወረደና ጎራው አንገት ላይ አሰረው።

«ጎራው» አለው፣ «እስክመለስ አለቃው አንተ ነህ። ጤፉ ተወቅቶ ይጠብቀኝ። ደግሞ ለገና ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ገብተናል፤ ዘንድሮ የሚታረደውን ከብት የማቀርበው እኔ ነኝ። ሥራ ላይ ሰነፍ የሆነውን ስመለስ ታሳየኛለህ፣ እሱን እሰጣለሁ።»

ይህን ብሎ በትሩን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወረደ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ቸኩሎ ነው። ግን እንዲህ ያለ ቃል በችኮላ ተናግሮ የሚሄድ ሰው ከክፉ በምን ይለያል? ሹመት ሰጠ፣ ቢላዋም ጨመረበት፣ መንገዱን ሄደ።

ጎራው አንድ እርምጃ ተራመደ።

«ቃጭ!» አለ ቃጭሉ።

ሌላ ተራመደ።

«ቃጭ! እንዴት ያምርብሃል!»

«አንተ ነህ የምትናገረው?» አለ ጎራው አንገቱን ዞር አድርጎ።

«እኔ ነኛ! ካንተ በፊት የነበረው መሪ ሽማግሌ በሬ ነበር። ቀስ እያለ፣ ቆም እያለ፣ ሌላውን እያዳመጠ ድምፄን ዘግቶት ቀረ። አንተ ግን ሩጥ ብቻ፤ አገር ይሰማናል።»

በማግስቱ ጠዋት ገመዱ ገባ፣ ጤፉ ተበተነ፣ ዙሩ ተጀመረ። ዳልቾ እንደ ልማዱ አፉን ከፈተ።

«ትናንት የታች ሰፈሯን በቅሎ አባትሽ ማነው ብላት፣ አጎቴ ፈረስ ነው አለችኝ። እኔን ዓይን ዓይኔን እያየች!»

እምቡጥ ሳቀች። ወይኖ ሳቀ። እግራቸው ቀለለ፤ የሳቀ እግር እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

«ቃጭ! አለቃ ባለበት ይሳቃል?» አለ ቃጭሉ። «በማን የሳቁ ይመስልሃል?»

ጎራው ፊቱ ጠቆረ። «ዝም! ከዛሬ ጀምሮ አውድማ ላይ ወሬ የለም!»

ዳልቾ አፉን ዘጋ። እግሩም አብሮ ከበደ።

ጥቂት እንደዞሩ ወይኖ ጎንበስ ብሎ አንድ ጉርሻ አነሣ።

«ቃጭ! ይበላል! አንተ ትሮጣለህ፣ እሱ ይበላል!»

«ወይኖ! ውቂያው እስኪያልቅ ጎንበስ የሚል የለም!»

«ኧረ ጎራው» አለ ወይኖ ተደናግጦ፣ «አውድማ ላይ አፍ ተዘግቶ ያውቃል?»

«ከዛሬ ጀምሮ ያውቃል።»

ወይኖ ጉርሻውን ከአፉ መለሰ። ከዚያ በኋላ ሆዱ እየጮኸ፣ ዓይኑ መሬት መሬት እያየ፣ ኮቴውን ሳይሆን ረሃቡን ይረግጥ ጀመር።

ሦስተኛው ይመጣል አላላችሁም? መጣ። ቃጭሉ በጎራው ጆሮ ሥር እንዲህ አለ፦ «ቃጭ! ለመሆኑ እኒያ አሮጊት እግራቸውን ያነሣሉ? አየህልኝ? አንተ ዳር ላብህን ታፈሳለህ፤ እሳቸው መሃል ተዘርፍጠዋል። መሃል የማን ቦታ ነው? የመሪ! ንጉሥ ዳር ተቀምጦ ታውቃለህ?»

ጎራው ቆመ። ገመዱ ሁሉንም አንገት ያዘ፣ ሁሉም ቆሙ።

«አንቺ!» አላት።

እማማ ቀረ። እናንተ ልጆች ሆይ፣ ሹመት መጀመሪያ የሚበላው የሰው ማዕረግ ነው።

«አንቺ! እኛ እየሮጥን ስንደክም አንቺ ቆመሽ ትበያለሽ። ሰነፍ ነሽ። አያ ፈንቴ ሲመጣ የማሳየው አንቺን ነው። ከመሃል ውጪልኝ!»

እንግዲህ ቢላዋው በማን አንገት ላይ እንዳረፈ ሁሉም ሰሙ። የእምቡጥ ዓይን እንባ ሞላ። ዝም በል የተባለው ዳልቾ ዝም ማለት አልቻለም፦ «ጎራው፣ ያጠባችህን እኮ ነው!»

«ዝም!»

«ቃጭ!»

ዛጎሌ ጎራውን አየችው። ረጅም አየችው። አንገቷን ከገመዱ አውጥታ፣ በቀስታ እየተራመደች ወደ ዳር ሄደችና እሱ ከወጣበት ቀለበት ውስጥ አንገቷን አስገባች። ጎራው መሃል ገባ።

ጎበዞች፣ እዚህ ላይ ኮርማው ምን እንደሠራ አስተውሉ። ቦታውን ወሰደ፣ ሥራውን ግን አላወቀውም። ዳር ላይ በለመደው ሩጫ መሃል ላይ ሮጠ። መሃል ያለው ሲሮጥ ዳር ያለው ምን ይሁን? ይብረር! ዛጎሌ በአሮጌ እግሯ ለመብረር ሞከረች። እምቡጥ ተጎተተች። ኮቴ ለኮቴ ተጠላለፈ። ጤፉ በመረገጥ ፈንታ ተፈናጥሮ ከአውድማው ወጣ። የሰፈሩ ዶሮዎች ብቻ እልል አሉ።

«ቃጭ! ሰነፎች ናቸው፣ አፍጥን!» አለ ቃጭሉ።

ጎራው አፈጠነ። እምቡጥ በጉልበቷ ወደቀች።

በዚህ መሃል ነፋስ መጣ። ገለባውን አንሥቶ አየ፣ ሥሩን ገላልጦ አየ፣ ፍሬ የለም።

«ምነው?» አለ ነፋስ። «እኔ ገለባችሁን ልወስድላችሁ መጥቼ፣ እናንተ ፍሬውን ለዶሮ ሰጥታችሁ ትጠብቁኛላችሁ? ስሙኝ፤ ያለ ወቅቱ የመጣ ደመና ከኋላዬ አለ። ወቅታችሁ ጥሩኝ፣ እመለሳለሁ። ካልጠራችሁኝ ግን እሱ ይደርስባችኋል።»

«ቃጭ! አንተን ሊያዝዝህ ነው? አትስማው!»

ጎራው ነፋስንም አልሰማም። ቀንዱን ወደ ወይኖ ጎን አስጠግቶ «ሂድ!» አለ። ወይኖ ሄደ፤ ሄደና ዳልቾን ገፋ፤ ዳልቾ እምቡጥን ገፋ፤ እምቡጥ ዛጎሌን ገፋች። የተቆጣ አለቃ ግፊቱ ሁልጊዜ የሚያርፈው መጨረሻ ላይ ባለው ነው።

ጎራው ግን አንድ ቦታ ላይ እየተሽከረከረ ነበር። ዳር ላይ ሩጫ ሩጫ ነው፤ መሃል ላይ ሩጫ እንዝርት መሆን ነው። ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ዓይኑ ተቅበዘበዘ።

«አውድማው ይዞራል!» ብሎ ጮኸ።

«አውድማውስ አልዞረም ጌታዬ» አለ ዳልቾ፣ «የሚዞረው ሌላ ነው።»

ጎራው ተንገዳገደ፣ እግሩ ተቆላለፈ፣ ዘፍ ብሎ ወደቀ። የወደቀው በአንገቱ ነው። ከሥሩ ወይኖ በድንጋጤ የለቀቀው ትኩስ እበት ነበር፤ እበቱ ላይ ገለባ ነበር። ቃጭሉ አፉን እዚያ ውስጥ ደፋ፤ እስከ ጉሮሮው ሞላ።

«ቃ...» አለ ቃጭሉ። ከዚያ በኋላ ዝም።

ጎራው ተኝቶ ዓይኑን ጨፈነ። ሰማዩ እስኪቆምለት መነሣት አልቻለም። ዝም ሲል፣ ያ ጆሮው ሥር ያለ ነገርም ዝም ሲል፣ ሌላ ነገር ይሰማው ጀመር።

መጀመሪያ የወይኖን ሆድ ሰማ፤ ያለቅሳል። ቀጥሎ ዳልቾን ሰማ፤ ያልተነገረ ወሬ ጉሮሮው ላይ ቆሞ ሲተናነቀው። ቀጥሎ የእምቡጥን ትንፋሽ፤ አጭር፣ እንደ ሕፃን። ከሁሉ ርቆ፣ ከዳር፣ አንድ የተሰባበረ ትንፋሽ ሰማ። ያቺን ትንፋሽ ያውቃታል። ጥጃ ሳለ በዚያች ትንፋሽ ሥር ነው የተኛው።

«እማማ» ትላለች እምቡጥ በለሆሳስ፣ «ለምን ይሮጡለታል? ጥለውት ይውደቁና ይረፉ። እርስዎን አይደል የሚያሳርደው?»

«አንድ ገመድ ነው ልጄ» አለች ዛጎሌ። «እኔ ከወደቅሁ አንቺን ያንቅሻል።»

«እሱንስ ቢያንቀው?»

ዛጎሌ ትንፋሿን ሰበሰበች። «እሱ ልጅ ነው። ትናንት ሾሙት፤ እንዲህ አድርግ ብሎ ቁጭ አድርጎ የነገረው የለም። ቃጭል አሰሩለት እንጂ ሥራውን መች አሳዩት? ይልቅ ተመልከቺልኝ፣ አወዳደቁ ክፉ ነው፤ ቀንዱ ተሰብሮ እንዳይሆን።»

ጎራው ይህን ሰማ። ቀንዱ አልተሰበረም። የተሰበረው ሌላ ነበር።

ሰው ሲበድል ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ኮርማ ድንጋይ በምን ይሸከማል? ጎራው ተነሣ፣ እየተንገዳገደ ገመዱን ተከትሎ እስከ ዳር ሄደ፣ ሁለቱንም ቀንዶቹን ከዛጎሌ ኮቴ ፊት መሬት ላይ አሳረፈ።

«እማማ ዛጎሌ» አለ።

ዳልቾ ጆሮውን አቆመ። ወይኖ ራሱን ቀና አደረገ።

«እማማ፣ አጠፋሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ዛጎሌ ወደ ሰማይ አየች። ደመናው አፋፉን ነክቷል።

«ይቅርታው ይቆየን» አለች። «ደመናው ግን አይቆይም። መጀመሪያ ጤፉ።»

እሷ ወደ መሃል ገባች፣ እሱ ወደ ዳር ወጣ። ወይኖ በምላሱ ቃጭሉን ሊጠርግለት ጠጋ ሲል፣ ጎራው አንገቱን መለስ አደረገ፦ «ተወው፣ እንደተሞላ ይሁን።»

ዙሩ ተጀመረ። ዛጎሌ አንድ እግር አነሣች፣ እዚያው ጣለች። ገመዱ ተስተካከለ። ጎራው ዳር ላይ ጉልበቱን ሁሉ አወጣ፤ ዳሩ የእሱ ነውና እንደ ልቡ ሮጠ። ግን አሁን እየሮጠ ያዳምጥ ነበር።

«ወይኖ፣ ሆድህ ጮኸ። ጎንበስ በልና አንድ ጉርሻ።»

ወይኖ ሁለት ጎረሰ። ይሁን፣ ተርቦ ነበር።

«እምቡጥ፣ እኔ ላይ ደገፍ በይ።»

እምቡጥ ተደገፈች።

«ዳልቾ» አለ፣ ትንሽም አፍሮ፣ «ያቺ በቅሎ... ምን አለችህ አልከን?»

ዳልቾ እስኪጠየቅ ፈንድቶ ሊሞት ነበር! «አጎቴ ፈረስ ነው! እኔም፣ አጎትሽን ሰላም በይልኝ፣ አባትሽ ግን ጭነት ላይ ነው ብዬ መለስኩላት!»

ሳቁ ከአውድማው አልፎ ገደሉ ውስጥ ወረደ። በሳቁ ላይ ኮቴ፣ በኮቴው ላይ ሳቅ፣ ጤፉ ከሥራቸው እንደ ደቃቅ አሸዋ ይፈስ ጀመር። ነፋስን ጠሩት፤ መጣ። መንሹ ተነሣ፤ በዚያ ዘመን መንሽም ሥራ ሲያምረው እጅ አይጠብቅም ነበር። መንሹ ወደ ላይ በተነ፣ ነፋስ ገለባውን ወሰደ፣ ፍሬው ወደ ታች ዘነበ። የመጨረሻው ጤፍ ጎተራ ሲገባ የመጀመሪያው ጠብታ የወይኖን አፍንጫ መታው።

አያ ፈንቴ ከለቅሶው ተመለሰ። አውድማውን አየ፣ ንጹሕ ነው። ጎተራውን አየ፣ ሙሉ ነው።

«ጎበዝ!» አለ። «እንዲህ ነው አለቃ! በል እንግዲህ ጎረቤት ቅርጫውን ይጠብቃል። ሰነፉ የትኛው ነው?»

ገመድ በእጁ ነው። ዓይኑ ግን ሳይጠየቅ ወደ ዛጎሌ ሄደ፤ ያረጀ ከብት ሲታይ የሰው ዓይን እንዲህ ነው። እምቡጥ ከዛጎሌ ሥር ተወሸቀች። ወይኖ ማመንዠኩን አቆመ።

ጎራው ወደ ፊት ወጣ። ሲራመድ ድምፅ አልነበረውም፤ ቃጭሉ ዛሬም አፉ እንደተደፈነ ነው።

«ሰነፉ እኔ ነኝ» አለ።

«ምን?»

«እኔ ነኝ አያ ፈንቴ። የምትሠራዋን ሰነፍ አልኩ፣ የሚስቀውን ዝም አሰኘሁ፣ የሚበላውን አስራብኩ፣ ልጅቷን በጉልበቷ አስወደቅሁ። ግማሽ ቀን ጤፍህን ለዶሮ ስበትን ዋልኩ። ይህ ሁሉ ሲሆን ስሮጥ ነበር፤ ግን አልሠራሁም። ቃል ቃል ነው። እኔን ውሰደኝ።»

አያ ፈንቴ ግራ ገባው። ለጎረቤት የሰጠው ቃል አለ፣ ለኮርማው የሰጠው ቃል አለ። እጁ እየከበደው ገመዱን አነሣና ጎራው አንገት ላይ ጣለው። ከዚያ ወደ ላሚቱ ዞረ።

«ዛጎሌ፣ የተበደልሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ያን ዕለት ያላለችውን ቃል አሁን ልትለው ነው።

የሆነውን ግን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ቃሏን ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁና። አያ ፈንቴ ገመዱን ፈታ። ለቅርጫው በጎተራው ጤፍ ከገበያ ሌላ ሰንጋ ለወጠ። ቃጭሉ እንደተደፈነ ወደ ግድግዳው ተመለሰ፤ ዛሬም «ቃጭ» ሊል ይሞክራል አሉ። ጎራውም አርጅቶ እስኪሞት እዚያ አውድማ ላይ መርቷል፣ ጅራፉም ከሸረሪቱ ጋር እንደተፋቀረ ቀርቷል። ተረቴን እዚሁ ትቼላችኋለሁ፤ ገለባውን ለነፋስ፣ ፍሬውን ለራሳችሁ።

ዛጎሌ ወደ ጎራው ቀረብ አለች። አንገቱ ላይ ያለውን ገመድ አሸተተች፣ ግንባሩን ጥጃ ሳለ እንደምታደርገው አንድ ጊዜ ላሰችው። እንዲህም አለች፦

«አያ ፈንቴ፣ ፍታልኝ፤ መስማት የጀመረን መሪ ያረደ ሰው፣ ተመልሶ የሚሾመው ደንቆሮ ነው። አንተም ልጄ፣ ቆመሽ ትበያለሽ ብለኸኝ ነበር። እውነትህን ነው፣ ቆሜ ነበር፤ እናንተ ስትዞሩ አንድ የሚቆምላችሁ ስለሚያስፈልግ። በል ና፣ ለከርሞ ውቂያ ከጎኔ ትታሰራለህ፤ መቆም እንዴት እንደሚያደክም አሳይሃለሁ።»